«ከፍታ»፦ ከአምባ እስከ ቀበሌ

«ልዑል» ከግእዝ የወረስነው ቃል ሲሆን፣ መሠረታዊ ፍቺው «ከፍ ያለ» ነው። ሆኖም የነገሥታት ልጆች በዙፋን እንዳይሻሙ በአምባ ግሸን ተግዘው ይጠበቁ ነበር፤ ይህም በ16ኛው መቶ ዘመን የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጦር አምባውን እስከያዘ ድረስ ዘልቋል። ከፍታ ክብርንም ግዞትንም ይዞ ኖሯል።

ከአብዮቱ በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 መሠረት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ሲቋቋሙ፣ ከቀበሌ በላይ ያለው እርከን «ከፍተኛ» ተባለ። ቅጽሉ የቦታ ስም ሆነ። በቀይ ሽብር ዘመን ለብዙ ወላጆች ቃሉ ልጅ ተወስዶ የቀረበት ግቢ ነበር። የዚያን ዘመን ምስክርነት የሚመረምር ተማሪ «ከፍተኛ ነበረ» የሚለውን በመዝገበ ቃላት ፍቺው ብቻ ቢረዳው፣ ታሳሪውን ባለሥልጣን ያደርገዋል።