ስምን አስቀድሞ ማሳወቅ፤ በሲ ቋንቋ ስለ ተለዋዋጮች አጻጻፍ የተነሣው ክርክር ከየት መጣ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በነፋስ ስልክ በሚገኝ አንድ መጋዘን፣ በኤሌክትሮኒክ ሚዛን የተመዘነው እህል ከመዝገቡ ጋር አልገጥም በማለቱ፣ የመጋዘኑ ሠራተኛ ጉድለቱን ከደመወዙ እንዲከፍል ተወስኖበት ነበር። የሚዛኑን ፕሮግራም እንድንመረምር የተጠራነው እኔና በዕድሜም በሙያም የሚበልጡኝ አንድ ባልደረባዬ ነበርን። ስሕተቱን ያገኘነው በሦስተኛው ቀን ነው። የባዶ ዕቃውን ክብደት የሚይዘው ተለዋዋጭ፣ ሁለት መቶ መስመር በሚያህል ፈንክሽን መግቢያ ላይ ከሌሎች አሥራ አንድ ስሞች ጋር ተደርድሮ ስሙና ዓይነቱ ብቻ ተነግሯል፤ ዋጋ የሚያገኘው ግን መዛኙ አንዲት ቁልፍ ሲጫን ብቻ ነው። ቁልፏ ካልተጫነች፣ ከቀድሞ ሥራ በሜሞሪው ውስጥ የተረፈው ቁጥር ከእህሉ ክብደት ላይ ይቀነስ ነበር። የተቆረጠው ገንዘብ ለሠራተኛው ተመለሰለት፤ በእኛ መካከል ግን ክርክር ተነሣ። እሳቸው «ስሞች ሁሉ በመግቢያው ይነገሩ፣ ዜሮም ይሰጣቸው» ሲሉ፣ እኔ ደግሞ «እያንዳንዱ ስም በሚፈለግበት መስመር ከነዋጋው ይነገር» አልኩ።

ክርክሩ ከሁለታችንም ዕድሜ ይበልጣል። አይ.ቢ.ኤም. በ1957 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው ፎርትራን፣ ስሙ ከአይ እስከ ኤን ባሉት የላቲን ፊደላት የጀመረ ተለዋዋጭ ሁሉ ማንም ሳይናገርለት ሙሉ ቁጥር ይሆን ነበር። ለጸሐፊው እረፍት ነው፤ ነገር ግን በስሙ ላይ አንድ ፊደል ቢሳሳት ማሽኑ ሳይቃወም አዲስ ተለዋዋጭ ይፈጥርለታል። አልጎል 60 ይህን ከልክሎ፣ ስሞች በየክፍሉ መግቢያ እንዲነገሩ አዘዘ።

ሲ የተወለደው በዚሁ ዘር ሐረግ ነው። የማርቲን ሪቻርድስ ቢ.ሲ.ፒ.ኤል.ም ሆነ ኬን ቶምፕሰን ከእሱ ያወጣው ቢ የተባለው ቋንቋ የዳታ ዓይነት አያውቁም ነበር፤ ሁሉም ነገር የማሽኑ አንድ ቃል ነው። የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች ፒ.ዲ.ፒ.-11 የተባለውን ማሽን ሲያገኙ ግን ፊደል በአንድ ባይት፣ ቁጥር በሁለት ባይት የሚቀመጥ ሆነ፤ ስለዚህ ዴኒስ ሪቺ ከ1971 እስከ 1973 ባለው ጊዜ ቢን በዓይነቶች አበልጽጎ ሲን ሠራ። የማሽኑ ሜሞሪ 24 ኪሎባይት ብቻ እንደነበር ስናስታውስ፣ ኮምፓይለሩ የስሞቹን ቦታ አስቀድሞ እንዲለካ ሁሉም በመግቢያው መነገራቸው ምን ያህል እንዳገለገለ አያስደንቅም።

ሪቺ የስሙን አነጋገር ከአጠቃቀሙ ጋር እንዲመሳሰል አድርጎ ቀረጸው። በዚህም የጠቋሚው ኮከብ የስሙ እንጂ የዓይነቱ አይደለም። «ኢንት* ሀ፣ ለ» ብሎ የጻፈ ሰው ሁለት ጠቋሚዎች ያገኘ ይመስለዋል፤ ለ ግን ተራ ቁጥር ነው። ኮከቡ ወደ ዓይነቱ ይጠጋ ወይስ ወደ ስሙ የሚለው ጠብ ዛሬም አልበረደም። የሊኑክስ ከርነል የአጻጻፍ ደንብ በአንድ መስመር አንድ ስም ብቻ ይነገር በማለቱ ወጥመዱን ዘግቶታል፤ በእኔ ግምት ከደንቦቹ ሁሉ ብልኁ ይህ ነው።

ብያርነ ስትራውስትሩፕ ሲ ፕላስ ፕላስን ሲያዘጋጅ ስሞች በትእዛዞች መካከል እንዲነገሩ ፈቀደ። የ1989ኙ የአሜሪካ ደረጃ ለሲ የቀድሞውን ሥርዓት ጠበቀ፤ በሩ የተከፈተው በ1999ኙ ደረጃ ነው፣ ዓይነቱ ያልተነገረውን ስም ሙሉ ቁጥር ነው ብሎ የመገመቱ ልማድም ያን ጊዜ ተሻረ። ሊኑክስ ግን እስከ 2022 በ1989ኙ ሥርዓት ቆየ። እንዲለወጥ ካደረጉት ነገሮች አንዱ፣ ከዙር ውጭ የተነገረ ተለዋዋጭ ዙሩ ካለቀ በኋላ በስሕተት ሲሠራበት መገኘቱ ነው። የመጋዘናችን ሚዛን ሕመምም ከዚሁ ወገን ነበር።

ለእኛ አገር የሚቀርበው ጉዳይ ሌላ ነው። የ1999ኙ ደረጃ ከእንግሊዝኛ ውጭ ያሉ ፊደሎች ለስም እንዲያገለግሉ ሲፈቅድ፣ በዝርዝሩ ዓረብኛ፣ ዕብራይስጥና ጆርጂያኛ ነበሩ፤ የግዕዝ ፊደል አልነበረም። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው በዚያው ዓመት ነውና አልደረሰም። የ2011ዱ ደረጃ ክልሉን አስፍቶ ፊደላችንንም አቀፈ፤ ጂ.ሲ.ሲ. የተባለው ኮምፓይለር ደግሞ በ2020 በወጣው 10ኛ እትሙ እንዲህ ያሉ ፊደሎችን በቀጥታ መቀበል ጀመረ።

ይህን ለባልደረባዬ ባነበብኩላቸው ጊዜ፣ ተለዋዋጩን «ክብደት» ብለን ብንጽፈው የመጋዘኑ ሠራተኛ ራሱ ሊያነበው ይችል ነበር አልኳቸው። እሳቸው ግን በወረቀት ላይ «ዓመት» እና «አመት»፣ «ሥራ» እና «ስራ» ብለው ጻፉና፣ ለእኛ ሁለት ለኮምፓይለሩ ግን አራት ስሞች መሆናቸውን አሳዩኝ። አንደኛው ብቻ ከተነገረ ኮምፓይለሩ ሌላውን አላውቀውም ብሎ ያቆመዋል፤ በፎርትራን ሥርዓት ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ ያልፈው ነበር። ሁለቱም በመግቢያው ከአሥራ አንድ ስሞች ጋር ተደርድረው ቢገኙስ? ብዬ ጠየቅኋቸው። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ፕሮግራማቸውን ግን አሁንም ስሞቹን ከላይ ደርድረው ይጽፋሉ።