የማይጠብቀው ፕላዝማና የቤታችን ኮምፒውተር

ቪዲዮን በአንድ ኮምፒውተር አስቀምጦ በቤት ውስጥ ወዳሉ ስልኮችና ቴሌቪዥኖች መላክ ዛሬ ተራ ነገር ሆኗል። ታሪኩ ግን ከተማሪ ሕይወት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለመጽሔታችን ልጽፈው ወደድኩ።

በሀገራችን ቴሌቪዥን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ምስሉ ከአንድ ማዕከል ይለቀቃል፤ በሰዓቱ ያልተገኘ ያመልጠዋል። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባም አሠራሩ ይኸው ነበር። በእንግሊዝኛ የተቀረጸው ሒሳብና ፊዚክስ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ለሀገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይተላለፋል።

እኔ የሙጃ ልጅ ነኝ። ዘጠነኛ ክፍልን ከደጋው ወርጄ በፕላዝማ ነው የተማርኩት። ጥቅሙን አልክድም፤ ቤተ ሙከራ ለሌለን ልጆች የኬሚስትሪ ሙከራ ያሳየን እሱ ነው። ችግሩ አይጠብቅም። በስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት «ሥሩ» ብላ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱን ትናገራለች። መብራት ከሄደማ ትምህርቱ እኛን ጥሎ ይሄዳል። ክፍል ውስጥ ያለው መምህራችን የቻለውን ያስረዳናል እንጂ ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልም።

ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ የፈረንሳዩ ኤኮል ሴንትራል ፓሪስ ተማሪዎች የማደሪያቸው ኔትወርክ ዘገምተኛ ሆኖባቸው ነበር። እንዲሻሻልላቸው ሲሉ የሳተላይት ቴሌቪዥንን በዚያው ኔትወርክ ወደየክፍሉ የሚያደርስ ፕሮጀክት ጀመሩ፤ ስሙንም ቪዲዮላን አሉት። አንዱ ፕሮግራም ይልካል፣ ሌላው ተቀብሎ ያሳያል። ተቀባዩ ብርቱካንማ የመንገድ ምልክት ያለበት፣ ሁላችንም የምናውቀው ቪኤልሲ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ማንም በነጻ እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው ተለቀቀ። የጥቂት ተማሪዎች የማደሪያ ሥራ እኛ ዶርም ድረስ መጣ ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ኮምፒውተሩ ፋይሉን በትናንሹ እየቆራረጠ በዋይፋይ ይልካል፤ ስልኩ እየገጣጠመ ያሳያል። ራውተሩ በመሣሪያዎቹ መካከል ያቀባብላል እንጂ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ የዳታ ፓኬጅም አይበላም። አንዱ ልጅ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል፤ ያልገባው ወደ ኋላ ይመልሳል።

ይህ ለእኛ አካባቢ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በስልኩ ከኢንተርኔት ይማር የነበረ ልጅ ባዶ እጁን ቀረ። ቀድሞ በኮምፒውተር የተቀመጠ ትምህርት ግን መብራት ወይም ባትሪ እስካለ ድረስ ከስልክ ወደ ስልክ ይደርሳል።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ ትምህርቱን ማን አዘጋጀው ብቻ ሳይሆን ቅጂው ማን እጅ ነው ያለው የሚለውም ይወስናል። ፕላዝማው ሲያልፍ እኛ እጅ የቀረ ቅጂ አልነበረም።

ስለዚህ ውድ መምህራን፣ የምትሰጡትን ትምህርት በአማርኛም በእንግሊዝኛም ቅረጹልን። እኛ የቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ ሃርድ ዲስክ፣ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተርና አንድ ራውተር አዋጥተን በየትውልድ ቀያችን ትምህርት ቤት እናድርስ። እኔ የሙጃውን ለማድረስ ቃል እገባለሁ፤ የራሳችሁን ቀዬ ደግሞ እናንተ ተረከቡ።