ፍሎረሰንስ፦ ነጸብራቅ ወይስ ፍካት?

«ፍሎረሰንስ»ን «ነጸብራቅ» ብሎ መተርጎም ያሳስታል። ነጸብራቅ የመጣውን ብርሃን እንዳለ ይመልሳል፤ በፍሎረሰንስ ግን ሞለኪውሉ ብርሃኑን ይውጥና ከፊል ኃይሉን አጥቶ ቀሪውን በሌላ ቀለም ይለቀዋል። ጆርጅ ገብርኤል ስቶክስ በ1852 እ.ኤ.አ. ቃሉን ሲፈጥር መነሻው ፍሎራይት የተባለው ማዕድን ነበር። እኔ «ፍካት» እንዲባል እመርጣለሁ። አበባም ፊትም ይፈካል፣ ቃሉ ልቅ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ልቅ ቃል በአጠቃቀም ይጠብቃል፣ የተሳሳተ ቃል ግን ሐሳቡን ከሥሩ ያዛባል።

በፍካት ለሚደረግ የካንሰር ምርመራ ደግሞ ዋናው ነገር ይኸው የቀለም ለውጥ ነው። ፖርፊሪን የተባለው ውህድ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ቀይ ይፈካል፤ በደምም በሕብረ ሕዋስም ይገኛል። ስፔክትሮስኮፒ ፍካቱን በሞገድ ርዝመት ለይቶ ይለካል፤ ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ወይም የፖርፊሪን መጠን ሲለዋወጥ ልኬቱም ይለወጣል። በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከአንጎል ዕጢ ቀዶ ሕክምና በፊት ሰውነት ፖርፊሪን እንዲያመርት የሚያደርግ መድኃኒት ጠጥተው በሰማያዊ ብርሃን ከታከሙት ሕሙማን የ65 በመቶው በምስል የሚታየው ዕጢ ሙሉ በሙሉ ተወግዷል፤ በተለመደው ብርሃን ከታከሙት ግን የ36 በመቶው ብቻ። ታዲያ «የካንሰር ብርሃን» ለምን አንለውም? የሚፈካው ሞለኪውሉ እንጂ በሽታው ስላልሆነ ነው። ብግነትም ተመሳሳይ ፍካት ሊያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ የመጨረሻው ማረጋገጫ ዛሬም በማይክሮስኮፕ የሚታየው የሥጋ ናሙና ነው።