የጠፋችው ድንቢጥ ወይስ የጠፋው ፈላጊ?

በ1843 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስመ ጥሩው የአእዋፍ ሠዓሊ ጆን ጄምስ ኦዱቦን የሚዙሪን ወንዝ ተከትሎ ወደ ሰሜን አሜሪካ ሰፊ የሣር ሜዳ ዘለቀ። ፎርት ዩኒየን ከተባለው የንግድ ምሽግ አካባቢ የጉዞ ጓደኞቹ ሳይንስ የማያውቃትን አንዲት ትንሽ ድንቢጥ ገድለው አመጡለት። ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ነው። ኦዱቦን በወጣት ወዳጁ በስፔንሰር ቤርድ ስም "የቤርድ ድንቢጥ" ብሎ ሰየማት።

ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ገደማ አንድም ተመራማሪ አላገኛትም። በ1873 ግን የጦር ሐኪሙና የአእዋፍ አጥኚው ኤሊዮት ኩዌስ ከድንበር ቀያሾች ጋር ወደ ዳኮታ ሲዘልቅ በብዛት አገኛት። ወፏ አልጠፋችም ነበር፤ የጠፋው ፈላጊ ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ሆኖም ሜዳው እየታረሰ የእህል ማሳ ሆነ። በእርሻው ምክንያት ስንት ድንቢጥ አለቀ? መልስ የለም፤ የቆጠረ አልነበረምና። "የማያውቁት አገር አይናፍቅም" እንዲሉ፣ ላልተቆጠረ ነገር የሚያዝንም የለም።

ሰፊው የአእዋፍ ቆጠራ በ1966 ተጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ምዕራቡ ተስፋፋ። ፈቃደኛ ቆጣሪዎች 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም መንገድ 50 ቦታ ላይ ይቆማሉ፤ በየቦታው ለ3 ደቂቃ ያዩትንና የሰሙትን ይመዘግባሉ። የቤርድ ድንቢጥ ቁጥር ከዚያ ወዲህ ከግማሽ በላይ መቀነሱ የታወቀው በዚህ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ ቆጠራው ከመንገድ ዳር አይርቅም፤ በአብዛኛው የሚይዘውም የሚዘምሩትን ወንዶች ነው። ስንት ጫጩት ለመብረር እንደበቃ አይናገርም። ወፏ ደግሞ ዝናብና ሣር እየተከተለች በየዓመቱ ቦታ ትቀያይራለች። ዘንድሮ አንድ ሜዳ ላይ ብትታጣ ሞታ ይሁን ተሰድዳ መለየት ይቸግራል።

ካናዳ በ1989 "ስጋት ላይ ናት" ተባለ፤ በ1996 "ስጋት የለባትም"፤ በ2012 ደግሞ "ልዩ ትኩረት ያስፈልጋታል"። አሜሪካም በ1999 የሕግ ጥበቃ ይሰጣት የሚለውን ጥያቄ ሳትቀበል ቀረች። የአንዲት ወፍ ዕጣ ፈንታ በእጅ ባለው መረጃ ልክ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ትልቁ ክፍተት ግን ሌላ አገር ነው። ድንቢጧ የብርዱን ወራት የምታሳልፈው በዋናነት በሰሜን ሜክሲኮ የሣር ምድር ነው። እዚያ አትዘምርም፤ ሣር ውስጥ እንደ አይጥ ትሹለከለካለች። በቺዋዋ ግዛት፣ ሃኖስ በተባለ ስፍራ፣ ጥቃቅን የሬዲዮ ማሰራጫዎች ጀርባዋ ላይ አስረው ሞቷንና ሕይወቷን መከታተል የጀመሩት ገና ባለፈው አሥርት ዓመት ነው። ያ የሣር ምድርም እየታረሰ፣ ከመጠን በላይ እየተጋጠ፣ በቁጥቋጦ እየተዋጠ ነው።

ስለዚህ በሦስቱ አገሮች የተቀናጀ ቆጠራ፣ የጎጆ ክትትልና የብርድ ወራት ጥናት ቅንጦት አይደለም። የመራቢያ ሜዳዋን ብቻ መጠበቅ የፊቱን በር ቆልፎ የጓሮውን ክፍት መተው ነው።

ከኦዱቦን በኋላ ሠላሳ ዓመት ሳይፈልጓት ቢቀሩም ድንቢጧ ጠበቀቻቸው፤ ሣሩ ነበረና። ዛሬ ሌላ ሠላሳ ዓመት ቢዘነጓት ግን የምትጠብቅበት ሜዳ አይኖርም።