ከቅጥር የወጣ ምንኩስና፦ የካቶሊክ ሲስተሮች አገልግሎት ከመዘዞ ሲታይ

ከጣርማ በር ወደ መንዝ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው መዘዞ ብርዳም የደጋ ከተማ ናት። ምሥራቁ ገደል ነው፤ ከገደሉ ሥር ቆላው ይጀምራል። በዚህ አገር የመንገድ ርዝመት የሚታወቀው በዳገቱና በቁልቁለቱ ነው። ምጥ የጠናባት ሴት ከራቀ መንደር በቃሬዛ ስትመጣ የሰፈሩ ወንዶች እየተፈራረቁ ተሸክመው ያደርሷታል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት እስከዚህ ዘልቆ ነበር፤ መንግሥት መዘዞን፣ ሞላሌንና ሸዋ ሮቢትን ማስለቀቁን ያስታወቀው በዚያው ወር ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ «ጎረቤቴ ማነው?» የሚለው የወንጌል ጥያቄ ከሰንበት ስብከት አልፎ የዕለት ኑሮ ጉዳይ ይሆናል።

የሰሜን ሸዋ ሕዝብ ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ካቶሊኮች በመላ አገሪቱ ከአንድ በመቶ አይሞሉም። ስለዚህ በኢትዮጵያ የምታገለግል የካቶሊክ ሲስተር የምትረዳው ጎረቤት አብዛኛውን ጊዜ የእርሷ ምእመን አይደለም፤ ኦርቶዶክስ ነው፣ ሙስሊም ነው፣ አንዳንዴም ፕሮቴስታንት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። የሲስተሮቹ አገልግሎት የእምነታቸው ተቀጥላ ሆኖ የመጣ ሳይሆን የእምነታቸው ዋና መልክ ነው፤ ይህን መልክ ያበጀውም ከቤተ ክርስቲያን ሕግ ይልቅ የጎረቤት ችግር ነው። ሕጉ ብዙ ጊዜ ከኋላ ነው የተከተለው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሸዋ ለእግዚአብሔር የተለየች ሴትን ለማወቅ ካቶሊኮችን አልጠበቀም። የ15ኛው መቶ ዓመቷ ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ የቡልጋ ሰው ናት። ገድሏ እንደሚተርከው ትዳሯንና ልጆቿን ትታ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄደች፤ ከዚያም በጣና ዳር በጓንጉት ጸናች፤ ስለ ኃጥአን መማለድ የሕይወቷ ሥራ ሆነ፤ እግዚአብሔርንና ሰይጣንን እንኳ ለማስታረቅ እስከ መለመን ደረሰች። በዚህ ትውፊት ያደገ ሰው «እማሆይ» ሲል በዐይነ ልቡናው የምትታየው ቆብ የደፋች፣ በጾምና በስግደት የደከመች፣ ለሌላው የምትጸልይ ሴት ናት። ጸሎቷ ራሱ ለጎረቤት የሚደረግ ሥራ ነው። የካቶሊኳ ሲስተር ስትመጣ እንግዳ የሆነው ስእለቷ አልነበረም። ድንግልናውም፣ ድህነቱም፣ መታዘዙም የታወቀ ነው። እንግዳ የሆነው መርፌ ይዛ፣ መዝገብ ይዛ፣ አንዳንዴም መኪና እየነዳች መታየቷ ነበር።

ሌላም ሸክም ነበረባት። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክ እምነትን በይፋ ከተቀበሉ በኋላ የፈሰሰው ደም፣ በ1632ም የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለፋሲለደስ መልቀቃቸው ከሕዝብ ትዝታ አልጠፋም። ከሮም የመጣ ሁሉ በጥርጣሬ ቢታይ ምክንያት ነበረው፤ ይህን ጥርጣሬ እንደ ጭፍን ጥላቻ መቁጠር ታሪኩን መበደል ነው።

በሸዋ ይህን ጥርጣሬ በሕክምና ለማለፍ አስቀድሞ የሞከረው ካፑቺኑ ጉልየልሞ ማሳያ፣ አገሬው «አባ ማስያስ» የሚለው፣ ነው። በ1868 ወደ ንጉሥ ምኒልክ ግቢ ደረሰ፤ በፊንፊኔና በአንኮበር አቅራቢያ በፈቅሬ ግምብ የሚስዮን ስፍራ አገኘ። ስሙን በሕዝቡ ዘንድ ያስነሣው የፈንጣጣ ክትባቱ ነው፤ ለክትባት የመጣውን ሰው ሃይማኖቱን አልጠየቀም። ነገር ግን ሚስዮኑ በንጉሥ ወዳጅነት ላይ የቆመ ስለነበር በ1879 በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ሲወጣ ሥራውም ተናጋ። በሸዋ አብረውት ያገለገሉ ሲስተሮች አልነበሩም። እኔ ይህን ክፍተት ቀላል አድርጌ አላየውም። ከቤተ መንግሥት የተሰጠ ሞገስ በአንድ ደብዳቤ ይሻራል፤ በጓዳና በማጀት የተተከለ ዝምድና ግን ለመንቀል ያስቸግራል፤ ወደ ጓዳ የሚገቡት ደግሞ ሴቶች ናቸው።

ሴቶቹ ለምን ዘገዩ? የርቀትና የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በ1298 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቦኒፋስ 8ኛ ሴት መነኮሳት ሁሉ ከገዳም ቅጥር እንዳይወጡ ደነገጉ፤ በ1566 ፒየስ 5ኛ ድንጋጌውን አጠበቁት። በዚህ ሕግ ዐይን በሽተኛ ለመጠየቅ በየመንደሩ የምትዞር መነኩሲት መነኩሲት አይደለችም። ቪንሰንት ደ ፖልና ሉዊዝ ደ ማሪያክ በ1633 ፓሪስ ላይ የእህቶች ማኅበር ሲያቋቁሙ መውጫውን ያገኙት በብልሃት ነው፦ እህቶቹ መነኮሳት አይባሉ፣ ስእለታቸውም የዕድሜ ልክ ሳይሆን በየዓመቱ የሚታደስ ይሁን። እንዲህ በማድረግ ቅጥሩን ሳይጥሱ ከቅጥሩ ውጪ ቀሩ። ይህን አኗኗር ሮም እንደ ሙሉ የምንኩስና ሕይወት ያወቀችው በ1900 ነው፤ ከ250 ዓመት በላይ ድሆችን ሲያገለግሉ ከቆዩ በኋላ።

ከዚያም በኋላ አንድ በር እንደተዘጋ ነበር፤ የወሊድ በር። ስእለት የገባች ሴት ሐኪም ሆና ማዋለድ አይፈቀድላትም ነበር። ኦስትሪያዊቷ ሐኪም አና ዴንገል በ1920ዎቹ መጀመሪያ በራዋልፒንዲ ስትሠራ ያየችው ይህን ክልከላ ትርጉም አሳጣው። ሙስሊም እናቶች ወንድ ሐኪም እንዲነካቸው ስለማይፈቅዱ ሴት ሐኪም ካልተገኘ ይሞታሉ። ዴንገል በ1925 በዋሽንግተን የሕክምና ተልእኮ እህቶችን ማኅበር ከሦስት ባልንጀሮቿ ጋር መሠረተች፤ ክልከላው ስላልተነሣ አባላቱ ይፋዊ ስእለት ሳይገቡ ለዓመታት ሠሩ። በየካቲት 1936 ሮም ባወጣችው መመሪያ ሲስተሮች የእናቶችንና የሕፃናትን ሕክምና፣ ማዋለድንም ጨምሮ፣ እንዲያከናውኑ ተፈቀደ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው። ሕጉን ያስለወጡት ካቶሊክ ያልሆኑ፣ የመሆን ሐሳብም ያልነበራቸው የራዋልፒንዲ እናቶች ናቸው።

የዚሁ ማኅበር እህቶች በጉራጌ፣ ከወልቂጤ ብዙም በማይርቀው አጣጥ፣ በ1969 ሆስፒታል መሥራት ጀመሩ። አጣጥ የመዘዞን ያህል ባይወጣና ባይወርድም ችግሩ አንድ ነበር፤ ምጥ ከመንገዱ ይቀድማል። እህቶቹ ያገኙት መፍትሔ እጅግ ቀላል ነው። በ1970ዎቹ ከሆስፒታሉ ጎን የእናቶች ማቆያ ሠሩ። ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ መንታ ያረገዘች፣ ወይም ልጇ ሞቶ የተወለደባት ሴት ወሯ ሲገባ መጥታ እዚያ ትቆያለች፤ ምጧ ሲመጣ ሐኪሙ በር ላይ ነው።

ውጤቱ ተመዝግቧል። የሆስፒታሉ ሐኪሞችና ባልደረቦቻቸው በ2010 ያሳተሙት ጥናት ከ1987 እስከ 2008 በአጣጥ የወለዱ 24,148 ሴቶችን ይመለከታል። ከእነዚህ 6,805ቱ በማቆያው ያለፉ፣ 17,343ቱ በቀጥታ የመጡ ናቸው። በማቆያው ካለፉት መካከል የእናቶች ሞት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር ሲሰላ 90 ገደማ ሲሆን በቀጥታ ከመጡት መካከል 1,333 ነበር። ሞተው የተወለዱት ሕፃናት ከ1,000 በአንደኛው ወገን 17.6፣ በሌላው 191.2 ናቸው። ቁጥሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጡ እምቢ ካለ በኋላ፣ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ የደረሱ ስለሆኑ ልዩነቱ በሙሉ የማቆያው ውጤት ነው ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ዋናውን ነገር የሚያሳየው ይኸው ራሱ ነው። ማቆያው ያደረገው መዘግየትን ማስቀረት ነው፤ ገዳዩም መዘግየት ነበር። ዛሬ በብዙ የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ይታያል፤ በሰሜን ሸዋ ገደላማ ወረዳዎች ይህን ያህል የሚጠቅም ሌላ ቤት ማሰብ ይከብደኛል።

ይህ ሥራ ጸሎት ነው ወይ? ሲስተሮቹ ጠዋት በቅዳሴና በጸሎት ይጀምራሉ፤ ከዚያ ወደ ማዋለጃ ክፍል ይገባሉ፤ ሁለቱን እንደ ሁለት ሕይወት አይቆጥሩም። በአገራችን ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የግእዝ ሥርዐት በተጠበቀበት አካባቢ ቅዳሴው ከጎረቤቱ ኦርቶዶክስ ቅዳሴ ጋር በዜማም በቋንቋም ይዛመዳል። ለክርስቶስ ሠምራ ልመና ለሌላው መቆም ከሆነ፣ ሌሊት ከምትጨነቅ እናት አልጋ አጠገብ መቆምም የዚያ ልመና ወንድም ይመስለኛል።

በአዲስ አበባ የታወቁት በ1973 የገቡት የማዘር ቴሬዛ እህቶች ናቸው። በስድስት ኪሎው ቤታቸው ዘመድ ያጣ በሽተኛ ይተኛል፤ በአስኮው ቤት ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ወላጅ አልባ ሕፃናትን አሳደጉ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ2005 በነጻ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት እንዲህ ያሉ ቤቶች ሥራ በአመዛኙ ሕፃን በሰው እቅፍ እንዲሞት ማድረግ ነበር። መድኃኒቱ ሲመጣ ልጆቹ አደጉ፤ ትምህርት ቤት፣ ልብስ፣ የወደፊት ኑሮ የሚባል አዲስ ጥያቄ ይዘው።

ተቃውሞዎቹን በዝምታ ማለፍ አይገባም። የሲስተሮቹ ተቋማት ገንዘብ በብዛት ከውጭ የሚመጣ ነው፤ የአውሮፓ ማኅበራት አባሎቻቸው እያረጁና እየቀነሱ ሲሄዱ ያ ምንጭ ይሳሳል። አገልግሎት ለስብከት መንገድ መጥረጊያ ነው የሚል ስጋትም አለ። ለሁለተኛው መልስ የሚሰጠው የተገልጋዩ ሕዝብ ሁኔታ ነው፦ የአጣጥ ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት ሲያገለግል የኖረው በአብዛኛው ሙስሊምና ኦርቶዶክስ የሆነውን ሕዝብ ነው፤ ሕዝቡም ዛሬ ሙስሊምና ኦርቶዶክስ ነው። የመጀመሪያው ግን ይከብዳል። ሥራው ወደ ኢትዮጵያውያን ሲስተሮች እጅ እየገባ ነው፤ እነርሱ ቋንቋውን ያውቃሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ የማጀቱን ወግ አያስተምራቸውም ማንም። የውጭ ለጋሽን ደጅ መጥናት ግን እንደ ቀድሞዎቹ እህቶች አይቀናቸውም። በደብረ ብርሃን ከወለጋ የተፈናቀሉ ሺዎች ዓመታትን በመጠለያ ባሳለፉበት፣ የመዘዞና የሞላሌ ጤና ተቋማት ከጦርነት በኋላ እንደገና መቆም ባስፈለጋቸው በዚህ ወቅት፣ ነጻ ሕክምና የሚሰጥ ቤት ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው ጉዳይ ከሃገረ ስብከት አልፎ ከክልል ጤና ቢሮና ከሕዝቡ ከራሱ ጋር በስምምነት የሚፈታ ነው።