ጉድጓዱን በማን አጥንት እንሙላው?

ታሪክ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ዘውድና ጦርነት ነው። እኔ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ ስለ አንድ ጉድጓድ ታሪክ ላወራችሁ ነው፤ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ መንጋጋ ላይ ስለሚቀረው ጉድጓድ። ሳቃችሁን ትንሽ ያዙልኝ፤ ከመካከላችን ጥርስ የሌለው የለምና ነገሩ የሁላችንም ነው።

የተወለድኩት ኦሞራቴ፣ ከኦሞ ወንዝ ዳር ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ የታች መንጋጋ ጥርሴ ታመመና ተነቀለ። የነቀለው ሰው ጥጥ አስነክሶ «በቃ፣ ተገላገልክ» አለኝ፤ እኔም የተገላገልኩ መሰለኝ። ከስድስት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ላስተክል ብጠይቅ፣ ሐኪሟ ራጁን ወደ መብራት ከፍ አድርጋ አየችና «አጥንቱ እኮ አልቋል። መጀመሪያ አጥንት መጨመር አለብን። ከራስህ ይወሰድ ወይስ የከብት ይሁን?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። የታሪክ ተማሪ መልስ ሲያጣ መሄጃው ቤተ መጻሕፍት ነው፤ እኔም ሄድኩ።

መጀመሪያ የተማርኩት ይኸን ነው፤ ጥርስን አቅፎ የያዘው አጥንት የሚኖረው ለጥርሱ ሲል ነው። ጥርሱ ሲሄድ አጥንቱ ሥራ ፈት ይሆናል፣ ሥራ ፈቱንም ሰውነት ራሱ መልሶ ይበላዋል። እርግጥ ጉድጓዱ በደም ይሞላል፣ ደሙ ይረጋል፣ የረጋውም ቀስ በቀስ ወደ አዲስ አጥንት ይለወጣል። ሆኖም በከንፈርና በጉንጭ በኩል ያለው ስስ ግድግዳ እየፈረሰ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2012 የቀደሙ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ አንድ ሥራ፣ በስድስት ወር ውስጥ ከስፋቱ በአማካይ 3.8 ሚሊሜትር፣ ከቁመቱ ደግሞ 1.2 ሚሊሜትር ያህል እንደሚጠፋ አስልቷል። እኔ «ተገላገልክ» ከተባልኩ በኋላ ቤቴ ተኝቼ ሳለሁ፣ አጥንቴ ደግሞ በኔ ላይ ሥራ ይዞ ነበር ማለት ነው።

ይኸንኑ የሰውነት ሕግ የጥንት ታሪክ ተመራማሪዎች እንደ ጽሑፍ ያነቡታል። ከመሬት በወጣ መንጋጋ ላይ ጉድጓዱ ጠርዙ ስል ሆኖ ባዶውን ከተገኘ፣ ጥርሱ የወደቀው ከሞት በኋላ ነው። ጉድጓዱ ተሞልቶ፣ አጥንቱም ለስልሶ ዝቅ ካለ ግን ጥርሱ የሄደው ሰውየው በሕይወት ሳለ ነው። በሞሮኮ፣ ታፎራልት በተባለው ዋሻ ከ14 ሺህ ዓመት በፊት የተቀበሩ ሰዎች የላይ የፊት ጥርሶቻቸውን በባህል ያስነቅሉ እንደነበር የታወቀው በዚሁ መንገድ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ይኸ ነገር የሩቅ ዘመን ወሬ ብቻ አይደለም። በሙርሲና በሱሪ ዘንድ ልጃገረዷ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ የታች ከንፈሯ ይበሳል፣ ገሉም እንዲመች የታች የፊት ጥርሶቿ ይነቀላሉ። ከድንበሩ ማዶ ቱርካናዎችና ሉዎዎችም የታች የፊት ጥርስ የመንቀል ልማድ ነበራቸው፤ መንጋጋ ቆልፍ የያዘውን ሰው በክፍተቱ ወተት ለማጠጣት ነው የሚል ማብራሪያ በምሥራቅ አፍሪካ በሰፊው ተመዝግቧል። አንዳንዶቻችን ይኸን ስንሰማ «ኋላ ቀርነት» ብለን ልናልፈው ይቃጣናል። እኔ ግን ሌላ ነገር ልጠይቅ። እዚያ ጉድጓዱ ለምን እንደሚቀር የሚያውቅ ኅብረተሰብ አለ፤ ክፍተቱ ተፈልጎ የተተወ ነው። የኔ ጉድጓድ ግን ማንም ሳይፈልገው፣ ማንም ሳያስብበት የቀረ ነው። ታዲያ ኋላ ቀሩ የትኛው ነው? ይኸን ስል ልማዱ ዋጋ አያስከፍልም ማለቴ አይደለም። ሐሳቧን የለወጠች ሴት ከንፈሯ በቀዶ ሕክምና ሊሰፋላት ይችላል፤ የሟሟው አጥንት ግን በመርፌና በክር አይመለስም።

እንግዲህ የጎደለው በምን ይሞላ? የሰው ልጅ ይኸን ጥያቄ ብዙ ዘመን ሲያገላብጠው ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1668 በታተመው የሆላንዳዊው ሐኪም የዮብ ቫን ሜክረን መጽሐፍ ውስጥ አንድ ወሬ ይገኛል። የራስ ቅሉ የተጎዳ አንድ የሩሲያ ሰው በውሻ አጥንት ተጠገነለትና ዳነ። ቤተ ክርስቲያን ግን በዚህ አውግዛ ለየችው። ሰውየው «አውጡልኝ» ብሎ ቢመለስ አጥንቱ ከራሱ ጋር ተዋሕዶ አልወጣ አለ ይባላል። ወሬው እውነትም ይሁን ተረት፣ ጥያቄው ያኔውኑ በትክክል ተነሥቷል፤ የሌላ ፍጡር አጥንት በኔ ገላ ውስጥ ምኔ ነው?

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የምርጫ መብዛት ታሪክ ነው። በ1892 ድሬስማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የአጥንት ጉድጓድን በጀሶ ሞላ። በ1949 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከሟቾች የተለገሰ አጥንት የሚያስቀምጥ ባንክ አቋቋመ። በ1965 ማርሻል ዩሪስት ማዕድኑ የወጣለት አጥንት ጡንቻ ውስጥ እንኳ ቢቀመጥ አዲስ አጥንት እንደሚያበቅል አሳየ። በ1969 ላሪ ሄንች ከአጥንት ጋር የሚጣበቅ ብርጭቆ ሠራ። በ1980ዎቹ ደግሞ ሥጋዊው ክፍል ሙሉ በሙሉ ወጥቶለት ማዕድኑ ብቻ የቀረ የከብት አጥንት ፍርፋሪ፣ ባዮ-ኦስ የሚባለው፣ ከስዊዘርላንድ ወደ ጥርስ ሐኪሞች እጅ ገባ።

ሁሉም የየራሱ ጠባይ አለው። የራስ አጥንት ሕያው ሴል ይዞ ይመጣል፤ ነገር ግን ከአገጭ፣ ከኋለኛው መንጋጋ ወይም ከዳሌ ሲወሰድ ሁለተኛ ቁስል ይከፈታል። የሟች ሰው አጥንት ሁለተኛ ቁስል አያስፈልገውም፤ ባንክ፣ ምርመራና የሕዝብ አመኔታ ግን ይፈልጋል። የከብቱ ዝግ ብሎ ስለሚሟሟ ቅርጽ ይጠብቃል። ሰው ሠራሹ ከማንም ገላ አይወሰድም፤ ከዓይነቶቹ አንዳንዱ ግን አዲሱ አጥንት ሳይደርስለት ይሟሟል። ምንም አለመጨመርም ምርጫ ነው፤ ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር ለማይተክል ሰው ብዙ ጊዜ የረጋው ደም ይበቃዋል። ጉድጓዱን ወዲያው መሙላት ጥፋቱን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያስቀረውም። ከሁሉም የገረመኝ ደግሞ፣ አንዱ ማቴሪያል ከሌላው በእርግጥ እንደሚበልጥ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ አለመገኘቱን በ2021 የወጣ ሰፊ ግምገማ መናገሩ ነው።

ሳይንሱ ቁርጥ ካላደረገው ማን ይቁረጠው? አብዛኛውን ጊዜ የሚቆርጠው ኪስ ነው፤ ወይም በዕለቱ መደርደሪያው ላይ የተገኘው ዕቃ ነው። በሽተኛው ግን እምብዛም አይጠየቅም። ፍርፋሪውን ለመሸፈን ከሚውሉት ስስ ሽፋኖች መካከል ከአሳማ የሚሠሩ አሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ በማይበላበት አገር ይኸ ሳይነገር ሊታለፍ ይገባል ትላላችሁ?

የዕረፍት ጊዜዬን ኦሞራቴ ሳሳልፍ ነገሩን ለጎረቤታችን፣ ለአንድ የዳሰነች ሽማግሌ አጫወትኳቸው። ለዳሰነች ከብት ሀብት ብቻ አይደለም፤ ስምም ክብርም ነው። ሽማግሌው በጸጥታ አዳመጡኝና «የከብት አጥንት በአፍህ?» አሉ።

«አዎ አባባ።»

«የማን ከብት ናት?»

ሣቅሁ። እሳቸው ግን አልሣቁም፤ መልስ እየጠበቁ ነበር። ከሳይንቲስቶቹ መጻሕፍት ሁሉ ይልቅ ያቺ ጥያቄ ከውስጤ አልወጣ አለችኝ።

ያን ዕለት ወደ ሰሜን አሻግሬ እያየሁ ስለ ኪቢሽ አሰብኩ። እ.ኤ.አ. በ1967 እዚያ የተገኘው፣ ኦሞ አንድ የተባለው ሰው ዕድሜው በ2005 195 ሺህ ዓመት ተብሎ ነበር፤ በ2022 ግን ከ230 ሺህ ዓመት እንደሚበልጥ ተነገረ። የኛ ዓይነት ሰው መሆኑን ካስመሰከሩለት ምልክቶች አንዱ አገጩ ነው። የዛሬ ሐኪም አጥንት የሚቆርጥበት ያው አገጭ! በኛው ወንዝ ዳር ይኸን ያህል ዘመን የቆየ አጥንት አለ፤ የኔው በስድስት ዓመት አለቀ።

አዲስ አበባ ስመለስ ለሐኪሟ «ከራሴ ይወሰድ» አልኳት። የከብቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ብዙ ሰው በሱ ድኗል፣ ሁለተኛ ቁስል የማይችል ሰውም እሱን ቢመርጥ ደግ አደረገ። እኔ ግን ሽማግሌው «የማን ነው?» ብለው ደግመው ቢጠይቁኝ መልስ እንዲኖረኝ ፈለግሁ።

ለእናንተ የምላችሁ ይህችን ብቻ ነው። ጥርሳችሁ የሚነቀልበት ቀን ከመጣ፣ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ጉድጓዱ ምን ይሆናል? ይሞላል ወይ? በምን? በማን? ጥጡን ከነከሳችሁ በኋላ መናገር ያስቸግራል።