ረጥቦ ወይስ ደርቆ? የመቀስ ታሪክ በአጭሩ

ፀጉር ቤት ስንገባ ‹‹ምን ዓይነት ይሁንልሽ?›› እንባላለን እንጂ ‹‹ረጥቦ ይቆረጥ ወይስ ደርቆ?›› ብሎ የሚጠይቀን የለም። ባለሙያው ወይ ውሃ ይረጫል ወይ አይረጭም፤ በቃ። ነገሩ ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም። ታሪኩን ስናየው ግን ከበስተጀርባው ሌላ ጥያቄ አለ፦ ሙያው ሲቀረፅ ‹‹ትክክለኛ›› ተብሎ የተወሰደው የማን ፀጉር ነው?

ከለንደን እንጀምር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እስከ 1950ዎቹ የፋሽን ተከታይ ሴት ፀጉር ቅርፅ የሚይዘው በመቀስ ሳይሆን በቢጎዲን፣ በካስክና በስፕሬይ ነበር። በየሳምንቱ ሳሎን መመላለስ ግድ ነው፤ በመሀል ዝናብ ከመጣ ደግሞ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ። ይህን የገለበጠው ቪዳል ሳሱን ነው። ልጅነቱን በከፊል በሕፃናት ማሳደጊያ ያሳለፈ፣ በ14 ዓመቱ ሙያውን መማር የጀመረ የለንደን ድሃ አይሁድ ልጅ ነበር። በ1954 የመጀመሪያ ሳሎኑን ቦንድ ስትሪት ላይ ከፈተ። ሐሳቡ ‹‹ቅርፁን ቆረጣው ራሱ ይስጥ›› የሚል ነው። ፀጉሩን ያረጥባል፣ በማበጠሪያ ይወጥራል፣ በቀጫጭን መስመር እየከፈለ እንደ መሐንዲስ ለክቶ ይቆርጣል። በ1963 የተዋናይት ናንሲ ኩዋንን ረጅም ፀጉር አሳጠረ፤ በ1964 ደግሞ ግሬስ ኮዲንግተን ላይ ‹‹ባለ አምስት ጫፉን›› ቆረጣ ሠራ። ሴቶች ታጥበው፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው መውጣት ቻሉ። ነጻነት ነበር፤ አንክድም።

ግን የናንሲ ኩዋን ፀጉር ምን ዓይነት ነበር? ሉጫ! ሉጫ ፀጉር ረጥቦም ደርቆም ርዝመቱ ብዙም አይለያይም። እርጥቡ ላይ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ መስመር ሲደርቅም ቀጥ እንዳለ ይቀራል።

ከርዳዳው ሌላ ሕግ አለው። ፀጉር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። ቅርፁን ከሚይዙለት ነገሮች አንዱ የሃይድሮጅን ትስስር ነው፤ ውሃ ሲነካው ይላላል፣ ሲደርቅ መልሶ ይጠብቃል። ስለዚህ የተጠቀለለ ፀጉር ረጥቦ ሲወጠር ይረዝማል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። በጣም የተጠቀለለው ሲዘረጋ ከነበረው ርዝመት ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። ደግሞ አንድ ራስ ላይ ያለው ጥቅል ሁሉ እኩል አይደለም፤ የማጅራቱና የግንባሩ ይለያያል። ረጥቦ እኩል የተቆረጠው ሲደርቅ ደረጃ የሚሠራው ለዚህ ነው።

ይህን የአፍሮ ዘመን አስተካካዮች ያውቁት ነበር። በ1960ዎቹ የጥቁር አሜሪካውያን አፍሮ የሚከረከመው ደርቆ፣ በሹካ ማበጠሪያ ወደ ላይ ተነሥቶ፣ ዙሪያው በዓይን እየተለካ ነው። እኛም ብንሆን አፍሮ የሚለው ቃል ከመምጣቱ በፊት ጎፈሬና ሚዶ ነበሩን፤ የአርበኞቻችንን ፎቶ ያየ ያውቃል። ኦፕራ ዊንፍሬን ያበጥር የነበረው አንድሬ ዎከር በ1990ዎቹ ፀጉርን ከ1 እስከ 4 ሲመድብ፣ አማርኛ ሉጫ፣ ዞማ፣ ከርዳዳ ብሎ ለይቶ ነበር። ችግሩ፣ እኛ ስንለይ ዞማን ሙገሳ፣ ከርዳዳን ስድብ አደረግነው።

ደረቅ ቆረጣ ወደ ታላላቆቹ ሳሎኖች የገባው ዘግይቶ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ጆን ሳሃግ በ1980ዎቹ በደረቅ ቆረጣ ስም አወጣ። በ1994 ዴቫቻን የተባለውን ሳሎን ከአጋሯ ጋር የከፈተችው ሎሬይን ማሲ ደግሞ የተጠቀለለን ፀጉር ደርቆ፣ ጥቅል በጥቅል መቁረጥን አስፋፋች። ሁሉም ግን አልተስማማም። እዚያው ከተማ በ1984 ለጥቅል ፀጉር ብቻ ሳሎን የከፈተችው ዊዳድ የምትቆርጠው አርጥባ ነበር። ባለሙያው የጥቅሉን ጠባይ ካወቀ እርጥቡም ይሠራል ማለት ነው።

ለእኛ ምን ይሻለናል? ፀጉራችን ሉጫ ከሆነ ረጥቦ ይቆረጥ፤ መስመሩ ጥርት ይላል። ዞማ ከሆነ ረጥቦ ተጀምሮ ሲደርቅ ይስተካከል። ለከርዳዳው፣ ታጥቦ በራሱ ጊዜ የደረቀው ላይ መሥራት ይሻላል። ሁልጊዜ በፔስትራ ዘርግተን የምንሄድ ከሆነ ደግሞ ተዘርግቶ ይቆረጥ። ባጭሩ፣ ፀጉራችንን በየቀኑ ይዘነው በምንወጣበት መልኩ ይቆረጥልን።

የኒውዮርክ ግዛት የውበት ሥራ ትምህርት ቤቶች ሁሉንም የፀጉር ዓይነት እንዲያስተምሩ የሚያስገድድ ሕግ የፈረመው በ2023 ነው። ከናንሲ ኩዋን ቆረጣ 60 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እስከዚያ ድረስ ከርዳዳ ፀጉር ይዞ ሳሎን የገባ ሰው ሲበላሽበት ‹‹ፀጉርሽ አስቸጋሪ ነው›› ይባል ነበር። አስቸጋሪ የነበረው ግን ፀጉሩን ሳይማሩ መቀስ ማንሣቱ ነው።